ደም አይቶ ገበታ መገመት፦ ሊያስወግዷቸው የሚገቡ ስህተቶች

ሰው የበላውን ሲጠየቅ ይረሳል፤ አንዳንዴም ያሳምራል። ስለዚህ የሥነ ምግብ ተመራማሪዎች ደም ቀድተው በውስጡ ያሉትን ፋቲ አሲዶች፣ ማለትም ስብና ዘይት የተሠሩባቸውን ቅንጣቶች፣ ይለካሉ። ሐሳቡ ሸጋ ነው። ጣጣው የሚመጣው ሌላ አገር የተዘጋጀ ቅጽ ይዘው ጎጃም ሲገቡ ነው።

የመጀመሪያው ስህተት ከአንዲት ቃል ይነሳል። ቅጹ «ጾመው ይምጡ» ይላል፤ ባዶ ሆድ ማለቱ ነው። ደብረ ማርቆስ አካባቢ ደም ስንሰበስብ አንዲት እናትን «እማማ፣ ጾመዋል?» አልኳቸው። «አዎ ልጄ፣ ሁዳዴ አይደል እንዴ!» አሉኝ። ዕለቱ ቅዳሜ ነበር። ጠዋት ሽሮ በእንጀራ በልተው ነው የመጡት! ያልዋሹት እሳቸው ናቸው፤ የተሳሳትኩት እኔ ነኝ። ምግብ እንደተበላ ደም ውስጥ የሚዘዋወረው ስብ፣ ትራይግሊሰራይድ የሚባለው፣ ከፍ ይላል፤ የሚያሳየውም የሰሞኑን ምግብ ነው እንጂ ልማድን አይደለም። ከዚያ ወዲህ «ዛሬ እህል ቀምሰዋል?» ብዬ ነው የምጠይቀው።

ከዚህ የሚብሰው የጾሙን ወቅት አለመመዝገብ ነው። 15 እና 17 ካርቦን ያላቸው ሁለት ፋቲ አሲዶች የወተትና የቅቤ ምልክት ተደርገው ይወሰዳሉ። ዐቢይ ጾም 55 ቀን ነው። በሆሳዕና ሰሞንና ከፋሲካ ሳምንታት በኋላ የአንዱን ሰው ፕላዝማ (ሴሎቹ ሲወጡ የሚቀረውን የደም ፈሳሽ) ብትለኩ የሁለት ሰው ሊመስላችሁ ይችላል። ቀይ የደም ሴል ግን 120 ቀን ገደማ ስለሚኖር ከቅበላ በፊት የተበላውንም ቀላቅሎ ይይዛል። ከቆዳ ሥር ያለው ስብ ደግሞ ዓመትና ከዚያ በላይ ያስታውሳል። ስለዚህ አንዱ ጋ በፕላዝማ፣ ሌላው ጋ በቀይ ሴል የተለካን ማወዳደር አይሆንም። ባለ 17ቱ ላይ ደግሞ ብዙ አትመኩ። አንጀት ውስጥ አሰር ሲብላላ ከሚወጣው ነገር ሰውነት ራሱ ሊሠራው ይችላል።

«ዘይት ይጠቀማሉ?» ብሎ መጠየቅም ያስታል። ገጠር ውስጥ ብዙ ሰው ዘይት ሲባል የሚታየው ከሱቅ የሚገዛው ነው። ኑግ ወቅጣ ለፍትፍት የምታደርግ ሴት «አልጠቀምም» ትላችኋለች። ደሟ ግን ሌላ ይናገራል። ከኑግ ቅባት አብዛኛው ሊኖሌይክ አሲድ የሚባል ፋቲ አሲድ ነው፤ እሱን ደግሞ ሰውነት መሥራት አይችልም፣ ከምግብ ብቻ ነው የሚመጣው። ጥሩ ምልክት የሆነውም ለዚህ ነው።

ፓልሚቲክ አሲድ የሚባለው ሌላው ፋቲ አሲድ የዚህ ተቃራኒ ነው። የሚረጋው የፓልም ዘይት ውስጥ በብዛት አለ፣ እውነት ነው። ግን ጉበት ከእንጀራና ከድንች ስታርችም ይሠራዋል። ደም ውስጥ ስለበዛ ብቻ «ይቺ ሴትዮ የሚረጋ ዘይት ታበዛለች» ማለት ስም ማጥፋት ነው።

ተልባ ላይም ተመሳሳይ ስህተት ይሠራል። ከተልባ ቅባት ግማሽ ያህሉ አልፋ ሊኖሌኒክ አሲድ የሚባል የኦሜጋ 3 ዓይነት ፋቲ አሲድ ነው። ሰውነት አብዛኛውን ስለሚያቃጥለው ደም ውስጥ ብዙውን ጊዜ ከ1 በመቶ በታች ሆኖ ይገኛል። ስለዚህ አነሰ ተብሎ «ተልባ አይጠጡም» ብሎ መደምደም አይቻልም። ወደ ረጅሞቹ ኦሜጋ 3 የሚቀይሩት ኢንዛይሞችም ፍጥነታቸው በዘር ይለያያል፤ ፈጣኑ ዓይነት አፍሪካውያን ዘንድ በብዛት ይገኛል። ስለዚህ የአውሮፓን መለኪያ እንዳለ አምጥቶ ጎጃሜ ላይ መጫን አይሠራም።

በመቶኛ የተጻፈ ውጤት ስታነቡ ደግሞ ድምሩ ምንጊዜም መቶ ስለሆነ አንዱ ከፍ ሲል ሌላው ሳይነካ ዝቅ እንደሚል አትርሱ።

የመጨረሻው የማቀዝቀዣ ነገር ነው። ቀይ የደም ሴል −20 ዲግሪ ላይ ከቆየ በውስጡ ያለው ብረት በቀላሉ የሚበላሹትን እንደ ኦሜጋ 3 ያሉ ቅባቶች ያበላሻቸዋል፤ −80 ይሻላል። መብራት የሄደ ለታ ጄኔሬተሩን ማን እንደሚያስነሳ፣ ነዳጅ እንዳለውም ጭምር፣ ደም ከመቅዳታችሁ በፊት ጠይቁ።