የአካን የቀን ስም እንዴት ይወጣል?

ኮፊ አናን ለአዲስ አበባ እንግዳ አልነበሩም። የተባበሩት መንግሥታት ዋና ጸሐፊ ከመሆናቸው ብዙ ቀደም ብለው፣ በ1960ዎቹ እ.ኤ.አ.፣ እዚሁ የአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ውስጥ ሠርተዋል። ሙሉ ስማቸው ኮፊ አታ አናን ነው። አካን የሆነ ሰው ይህን ሲሰማ ሌላ መጠየቅ አያስፈልገውም፤ ዓርብ ቀን፣ መንታ ሆነው ነው የተወለዱት። እህታቸውም ኤፉዋ አታ ነበሩ።

አካኖች በጋናና በኮትዲቯር የሚኖሩ ሕዝቦች ናቸው። አሻንቲና ፋንቴ ከእነሱ ወገን ናቸው። ልጅ ሲወለድ የመጀመሪያ ስሙን የሚያገኘው ከተወለደበት ዕለት ነው። «ክራ ዲን» ይሉታል፣ የነፍስ ስም ማለት ነው።

መጀመሪያ ዕለቱን ያዙ

ብዙዎቻችን የተወለድንበትን ቀን እንጂ ዕለቱን አናውቅም። ስልክ ላይ ማየት ይቻላል። ልደታችሁን በእኛ አቆጣጠር የምታውቁ ከሆነ ግን የባሕረ ሐሳብ ስሌት እያለ ስልክ ምን ያደርጋል?

ዓመተ ምሕረቱ ላይ 5500 ደምሩ። የመጣውን ለ4 አካፍሉና ትርፉን ተዉት። ሁለቱን ቁጥሮች ደምራችሁ ለ7 አካፍሉ። አሁን የሚተርፈው የዚያ ዓመት መስከረም 1 የዋለበትን ዕለት ይነግራችኋል፦ 1 ማክሰኞ፣ 2 ረቡዕ፣ 3 ሐሙስ፣ 4 ዓርብ፣ 5 ቅዳሜ፣ 6 እሑድ፤ ምንም ካልተረፈ ሰኞ። ከዚያ ላለፈው ወር ሁሉ ሁለት ሁለት፣ በወሩ ውስጥ ላለፈው ቀን አንድ አንድ እያላችሁ ወደፊት ቁጠሩ።

ጥር 11 ቀን 1985 የተወለደ ልጅ እንውሰድ። 7485 እና 1871 ሲደመሩ 9356። ለ7 ሲካፈል 4 ይተርፋል፤ መስከረም 1 ዓርብ ነበር ማለት ነው። እስከ ጥር አራት ወር አልፏል፣ 8። በጥር ውስጥ ደግሞ 10 ቀን። ከዓርብ 18 ዕለት ስትቆጥሩ ማክሰኞ ላይ ታርፋላችሁ።

ስሙን አንሡ

እሑድ፦ ክዋሲ፣ አኮሱዋ
ሰኞ፦ ክዋጆ፣ አጅዋ
ማክሰኞ፦ ክዋቤና፣ አቤና
ረቡዕ፦ ክዋኩ፣ አኩዋ
ሐሙስ፦ ያው፣ ያ
ዓርብ፦ ኮፊ፣ አፉዋ
ቅዳሜ፦ ክዋሜ፣ አማ

የፊተኛው የወንድ፣ የኋለኛው የሴት ነው። ልጃችን ወንድ ከሆነ ክዋቤና፣ ሴት ከሆነች አቤና። አጠራሩ ከቦታ ቦታ ይለያያል፤ ፋንቴዎች ክዋጆን ኮጆ፣ አፉዋን ኤፉዋ ይላሉ። በባርነት የተጋዙት ስሙን ባሕር አሻግረውታል። በ1739 እ.ኤ.አ. ጃማይካ ውስጥ እንግሊዞችን አስገድዶ የሰላም ውል ያስፈረመው የማሩኖች፣ ማለትም ከባርነት ያመለጡ ሰዎች፣ መሪ ካጆ ይባል ነበር። የሰኞ ልጅ ስም ነው።

ተጨማሪውን ስም እዩ

የቀን ስም ብቻውን አይበቃም፤ በአንድ ሰፈር ስንት ኮፊ ይኖራል! መንታ ከሆነ አታ፣ ከመንታ ቀጥሎ የመጣ ታዊያ ይባላል። ሦስተኛ ወንድ ልጅ ሜንሳ፣ አራተኛ አናን፣ ዘጠነኛ ንክሩማ፣ አሥረኛ ባዱ። እዚህ ላይ ግን አትቸኩሉ። ዛሬ እነዚህ ስሞች እንደ ቤተሰብ ስም ይወረሳሉ። የኮፊ አናን «አናን» ከአባታቸው የመጣ ነው። ክዋሜ ንክሩማም ለእናታቸው አንድ ልጅ ነበሩ።

በስምንተኛው ቀን ስሙን ስጡ

ሥርዓቱ የሚፈጸመው በማለዳ ነው። ስሙን የመምረጥ መብት የአባት ነው፤ ብዙ ጊዜም የሚያከብሩትን ዘመድ ስም ከቀኑ ስም ላይ ይጨምሩበታል። አንድ ሽማግሌ ወይም አሮጊት ሕፃኑን ይዘው ጣታቸውን ውሃ ውስጥ ይነክሩና ምላሱ ላይ ጠብ ያደርጋሉ፤ «ውሃ ስትል ውሃ ይሁን» ይሉታል። ቀጥሎ መጠጥ ያስቀምሱታል፤ «መጠጥ ስትል መጠጥ ይሁን»። እውነትና ሐሰትን ሳያምታታ እንዲያድግ ነው። ከዚያ ስሙ ይነገራል፣ እንግዳው ይጠጣል፣ ስጦታው ይጎርፋል።

ሲያጠራጥር ወደኋላ ሂዱ

ስሙ ለልደት ቀን ማጣሪያም ይሆናል። ሐውልታቸው አዲስ አበባ የአፍሪካ ኅብረት ግቢ ውስጥ የቆመው ንክሩማ ቅዳሜ ስለመወለዳቸው ጥርጥር አልነበራቸውም። ያጠመቋቸው ቄስ ግን በግምት መስከረም 21 ቀን 1909 እ.ኤ.አ. ብለው መዘገቡ። ያ ዕለት ማክሰኞ ነው። ለመዝገቡ የሚቀርበው ቅዳሜ ከሦስት ቀን በፊት የዋለው 18 ነው።