ፊደል ያልቆጠረ ወላጅም የልጁን ትምህርት መከታተል ይችላል

በወሎ ገጠር ለሚኖር ወላጅ የልጁን ትምህርት ለመከታተል በቅርብ የሚገኘው መሣሪያ ደብተሩ ነው። ማንበብ የማይችል ወላጅ እንኳ ምሽት ላይ ደብተሩን ገልጦ፣ የመምህሩ የቀይ እስክርቢቶ ምልክት ከየትኛው ገጽ ወዲህ እንደጠፋ እና ባዶ የተዘለለ ቦታ መኖሩን ማየት አያቅተውም። ከዚያም ቡናው እስኪፈላ ድረስ ልጁ የዕለቱን ትምህርት በራሱ አነጋገር እንዲያስረዳ ይጠይቀው፤ መንተባተብ የጀመረበት ቦታ ብዙውን ጊዜ ያልገባው ቦታ ስለሆነ፣ ያንኑ ለክፍል ኃላፊው መምህር መንገር ይበቃል።

ትምህርት ቤት ለመሄድ ካርድ የሚሰጥበትን ቀን መጠበቅ፣ በእኔ እምነት፣ የረፈደ ነው። ለምሳሌ የባቲ አካባቢ ነዋሪ ሰኞ ለገበያ ሲወጣ ጎራ ቢል የተለየ ጉዞ አያስፈልገውም።

የመጽሐፍ እጥረት ካለ፣ ከ9ኛ እስከ 12ኛ ክፍል ያሉት መማሪያ መጻሕፍት በፒዲኤፍ ስለሚገኙ፣ ደሴ ወይም ኮምቦልቻ ያለ ዘመድ አውርዶ በሚሞሪ ካርድ ሊልካቸው ይችላል። የመምህር መቅረትን የመሰለ ቅሬታ ደግሞ በቅድሚያ ለወላጅ፣ ተማሪና መምህር ኅብረት ይቅረብ።