ስለ ሮማን ፀረ-ኦክሲዳንት የሚደጋገሙ ስህተቶች

በምግብ ቤተ ሙከራ ለዓመታት የሮማን ጭማቂና ዱቄት ስመረምር ከሁሉ በላይ ያሳሰበኝ ስህተት፣ በሙከራ ቱቦ የተለካውን የፀረ-ኦክሲዳንት (ሕዋሳትን ከኦክሳይድ ጉዳት የሚከላከል ንጥረ ነገር) ኃይል ሰው ሲጠጣው የሚያገኘው ጥቅም አድርጎ መቁጠር ነው። ጀማሪ ሳለሁ እኔም ልኬቱ ከፍ ያለው ጭማቂ ለጤና የተሻለ ነው ብዬ ሪፖርት ጽፌ፣ አንዲት ባልደረባዬ «ንጥረ ነገሩ ወደ ደም ይገባል?» ብላ ስትጠይቀኝ የምመልሰው አጥቼአለሁ። የሮማን ዋነኛ ፀረ-ኦክሲዳንት የሆነው ፑኒካላጂን ሞለኪውሉ ትልቅ ስለሆነ እንዳለ ወደ ደም የሚዘልቀው እጅግ ጥቂት ነው፤ አብዛኛው በሆድ ዕቃ ውስጥ ተሰባብሮ ኤላጂክ አሲድ ይሆናል፣ ይህንንም የአንጀት ባክቴሪያዎች ዩሮሊቲን ወደሚባሉ ውህዶች ይለውጡታል። ባክቴሪያው ከሰው ሰው ስለሚለያይ አንድ ዓይነት ጭማቂ ከጠጡ ሁለት ሰዎች አንዱ ብዙ ዩሮሊቲን ሲያገኝ ሌላው ምንም ላያገኝ ይችላል። የአሜሪካ ግብርና መሥሪያ ቤት ምግቦችን በፀረ-ኦክሲዳንት ኃይላቸው የሚዘረዝረውን ሰንጠረዥ በ2012 እ.ኤ.አ. ከድረ ገጹ ያነሣው ቁጥሮቹ በሰው አካል ውስጥ የሚሆነውን ስለማያሳዩ ነበር፤ እባካችሁ በእነዚህ ቁጥሮች ምርት አትምረጡ።

ፑኒካላጂን በብዛት ያለው በልጣጩና በነጩ ገለፈት ውስጥ ስለሆነ፣ ከነልጣጩ የተጨመቀ ጭማቂ አፍን ቢያኮማትርም ከፍሬው ብቻ ከተጨመቀው ይበልጥ ይዞታል። የዘሩ ዘይት ደግሞ በአብዛኛው ፑኒሲክ አሲድ የተባለ ቅባት ነው፤ የጭማቂውን ጥቅም ከእርሱ መጠበቅ አይገባም።

ቀይ መሆኑን አይቶ ደም ይተካል ማለትም አደገኛ ነው። ለደም ማነስ የታዘዘላትን የብረት ክኒን ትታ ጭማቂውን ብቻ የምትጠጣ ነፍሰ ጡር አጋጥማኝ እጅግ ደንግጬ ወደ ሐኪሟ እንድትመለስ ለምኛታለሁ። በ100 ግራም የሮማን ፍሬ ውስጥ ያለው ብረት 0.3 ሚሊ ግራም ገደማ ብቻ ሲሆን፣ አፍን የሚያኮማትረው ታኒን የተባለ ንጥረ ነገሩም ከእህል የሚገኘው ብረት ወደ ደም እንዳይገባ ያውካል።

«ስኳር አልተጨመረበትም» የሚል ጽሑፍም አያዘናጋችሁ፤ አንድ ብርጭቆ፣ ማለትም 250 ሚሊ ሊትር፣ ወደ 30 ግራም የሚጠጋ የራሱ ስኳር አለው፤ አሰር ግን የለውም ማለት ይቻላል።

ጭማቂው የደም ግፊትን በመጠኑ ዝቅ እንደሚያደርግ በሰዎች ላይ የተደረጉ ሙከራዎች ቢያሳዩም የግፊት መድኃኒትን ለማቋረጥ ምክንያት አይሆንም። በአንድ ብርጭቆ ከ500 ሚሊ ግራም በላይ ፖታስየም ስላለው ኩላሊታቸው የደከመ ሰዎች፣ እንዲሁም ደም እንዳይረጋ የሚሰጠውን ዋርፋሪን የተባለ መድኃኒት የሚወስዱ፣ አዘውትረው ከመጠጣታቸው በፊት ሐኪማቸውን ያማክሩ።