አሜሪካ የቀረ ብር ካላችሁ ያለ ደላላ አውጡት

አያት፣ የካ አባዶ፣ ለገጣፎ አካባቢ አሜሪካ ሠርቶ የተመለሰ ወይም እዚያ ዘመድ የሞተበት ሰው ብዙ ነው። ያልተወሰደ የመጨረሻ ደሞዝ፣ ያልተመለሰ የአፓርታማ ዲፖዚት፣ የተረሳ የባንክ ሂሳብ፣ የኢንሹራንስ ክፍያ እዚያ ሊቀር ይችላል። ባለቤቱ ሲጠፋ ባንኩ ወይም አሠሪው ብሩን የራሱ አያደርገውም። አብዛኛውን ጊዜ ከ3 እስከ 5 ዓመት፣ ደሞዝ ከሆነ ደግሞ በብዙ ስቴቶች 1 ዓመት ይጠብቅና ለስቴቱ መንግሥት ያስረክባል፣ ስቴቱም ባለቤቱ ወይም ወራሹ እስኪመጣ ይይዘዋል። አብዛኞቹ ስቴቶች ብሩን ለመጠየቅ የጊዜ ገደብ የላቸውም፤ ስንት ዓመት አለፈው ብላችሁ አትተዉት።

መፈለግም ሆነ መጠየቅ በነፃ ነው። በቴሌግራም "በስምህ ዶላር ተገኝቷል፣ መጀመሪያ የአገልግሎት ክፍያ ላክ" የሚላችሁ ሌባ ነው። የሶሻል ቁጥራችሁን (አሜሪካ የሰጠቻችሁን የሶሻል ሴኩሪቲ ቁጥር) እንዳትሰጡት።

ፍለጋውን ሚሲንግመኒ ዶት ኮም (missingmoney.com) ላይ ጀምሩ፣ ብዙ ስቴቶችን በአንዴ ያያል። ከዚያ የኖራችሁበትን ስቴት የራሱን ገጽ ክፈቱ፤ ሜሪላንድ በኮምፕትሮለሩ (በስቴቱ የሂሳብ ኃላፊ)፣ ቨርጂኒያ በግምጃ ቤቱ፣ ዋሽንግተን ስቴት በገቢዎች መሥሪያ ቤቱ በኩል ነው። የሁሉም ትክክለኛ ሊንክ አንክሌምድ ዶት ኦርግ (unclaimed.org) ላይ አለ። ስትመለሱ አድራሻችሁን ወደ ኢትዮጵያ ቀይራችሁ ከነበረ ደግሞ ብሩ የሚሄደው ኩባንያው ወደተመዘገበበት ስቴት ስለሆነ ደላዌርንም እዩ፣ ብዙ ኩባንያ የተመዘገበው እዚያ ነው።

ብዙ ሰው ፈልጎ የሚያጣው በስም ምክንያት ነው። እኛ የቤተሰብ ስም የለንም፤ አንዱ ወረቀት ላይ የአባት ስም፣ ሌላው ላይ የአያት ስም መጨረሻ ላይ ይገባል። ሁለቱንም ሞክሩ። ገብረማርያምን የመሰለ ስም ለሁለት ተቆርጦ "ማርያም" ብቻ የቤተሰብ ስም ሆኖ ሊመዘገብ ይችላል። ፀሐይ በቲና ኤስ ወይም በኤስ ብቻ ትጻፋለች፣ ቀለሟ በኪውም በኬም ትጀምራለች። የመጀመሪያውንና የመጨረሻውን ስም አገላብጣችሁም ፈልጉ።

ስሙን ካገኛችሁ ጥያቄውን እዚያው በኢንተርኔት ሙሉ። መታወቂያ፣ የሶሻል ቁጥርና ያኔ እዚያ አድራሻ ትኖሩ እንደነበር የሚያሳይ ነገር ይጠይቃሉ፤ የድሮ የታክስ ወረቀት፣ የደሞዝ ወረቀት፣ የባንክ ደብዳቤ ካለ አትጣሉ። ከቀበሌ መታወቂያ ፓስፖርት ይሻላል፣ በእንግሊዝኛ ነው፣ የትውልድ ቀኑም በፈረንጅ አቆጣጠር ነው። ፎርሙ በኖተሪ (ፊርማ በሚያረጋግጥ ሰው) ፊት ይፈረም ካለ የአሜሪካ ኤምባሲ ቀጠሮ አስይዛችሁ ለአንድ ማኅተም 50 ዶላር ትከፍላላችሁ። ፎርሙን ቤት ፈርማችሁ እንዳትሄዱ፣ ፊርማው እነሱ ፊት መሆን አለበት።

ባለቤቱ ሞቶ ወራሽ ከሆናችሁ ሥራው በዛ ይላል። እዚያ ከሞተ የሞት ሰርተፊኬቱ የሚወጣው ከዚያው ከሞተበት ስቴት ነው፣ እዚህ ከሞተ ግን ከወሳኝ ኩነት። ከፍርድ ቤት የወራሽነት ማረጋገጫ አውጡ። በለገጣፎ በኩል ያላችሁ ወረቀቱ በአፋን ኦሮሞ ስለሚሆን ከዚያ ወደ እንግሊዝኛ የሚመልስ ፈቃድ ያለው ተርጓሚ ፈልጉ፣ ስሙንም አሜሪካ ላይ በተጻፈበት ፊደል እንዲጽፈው አስጠንቅቁት፣ አንድ ፊደል ብትዛነፍ ተመላልሳችሁ ታስረዳላችሁ። ከዚያ ሰነዶች ማረጋገጫና ውጭ ጉዳይ አለ። ግን እዚህ ሁሉ ከመግባታችሁ በፊት ለስቴቱ ኢሜይል ጽፋችሁ የትኛውን ወረቀት እንደሚፈልጉ ጠይቁ። ብሩ ትልቅ ከሆነ ከአሜሪካ ፍርድ ቤት የሚመጣ ወረቀት ሊጠይቁ ይችላሉ፣ ያኔ የጠበቃውን ዋጋ ከብሩ ጋር አስተያዩ።

ክፍያው ብዙ ጊዜ በዶላር ቼክ ነው የሚመጣው። እኛ ሰፈር ፖስታ እስከ መኖሪያ ቤት አይመጣም፣ ስለዚህ የፖስታ ሳጥን ቁጥር ስጡ። ባንካችሁንም የአሜሪካ ቼክ ይቀበል እንደሆነ ፎርሙን ከመላካችሁ በፊት ጠይቁ። አሜሪካ ያለው ሂሳባችሁ ካልተዘጋ ግን ቼኩን እዚያ ማስገባት ይቀላል።