34ን «304» ብለው ለሚጽፉ ልጆች፦ የቆርኪ ዓሣ

ሐዋሳ፣ አንደኛ ክፍል። «ሠላሳ አራት» ሲባሉ ብዙዎቹ 304 ይጽፉ ነበር፤ 30 ጽፈው 4ን ከጎኑ ይቀጥላሉ። በግዕዝ አሃዝ ቢሆን ፴ (30) እና ፬ (4)ን ጎን ለጎን ጽፈው፣ ፴፬ ብለው ልክ በሆኑ ነበር!

ያስተካከለው የጋራ ሥዕል ነው። ካርቶን ላይ ሐይቁ ተስሎ ለሁለት ይከፈላል፦ በስተቀኝ የአንድ ቤት፣ በስተግራ የአስር ቤት። አራት ልጆች አዋቂ በሚስማር የበሳቸውን 34 ቆርኪዎች ይቀበላሉ፤ እያንዳንዱ አንድ ዓሣ ነው። አንዱ ይቆጥራል፣ ሌላው አስር አስሩን በሲባጎ ይሰካል፣ ሦስተኛው ወደ ግራ ያሻግራል፣ አራተኛው ከሥር ይጽፋል፦ 3 ዘለላ፣ 4 ነጠላ።

መጀመሪያ ያበላሸው ቀለም ነበር። አስሮቹ ቀይ፣ ነጠላዎቹ ሰማያዊ ሲቀቡ ልጆቹ ዋጋውን ከቀለሙ ያዙት፤ ሁሉም አንድ ቀለም ሲሆን ቀረ። ኮላ የሚቀባው ቁጥሩ ከተጻፈ በኋላ ነው፤ ቀድሞ የተለጠፈ ዓሣ አይሻገርም። በ40 ላይ ባዶው ቤት 0 ይጻፍበት።