አሮማቴራፒ ማሳጅ ልትገቡ ነው? ከመሄዳችሁ በፊት ይቺን አንብቡ

አሮማቴራፒ ማሳጅ ማለት ከተክል ቅጠል፣ ከአበባ ወይ ከልጣጭ የወጣ ጠንካራ ዘይት ለስለስ ባለ ሌላ ዘይት ተበርዞ ሰውነት የሚታሽበት ነው፣ ከተራው ማሳጅ የሚለየው መዓዛውም ስራ ስላለው ነው። የማሽተት ነርቫችን ስሜትና ትዝታ ከሚያስተናግደው የአእምሮ ክፍል ጋር በቅርብ ይገናኛል፣ ለዛ ነው ቡናው ገና ሳይፈላ እጣኑ ሲጨስ ብቻ ቀለል የሚለን።

ጥቅሙን በልኩ ልንገራችሁ። ጭንቀት ያበርዳል፣ ለእንቅልፍ ይረዳል፣ ቀኑን ሙሉ ኮምፒውተር ላይ አቀርቅሮ ውሎ ማታ ደግሞ ስታዲየም ጋ ታክሲ ሰልፍ ላይ የሚቆም ሰው አንገቱና ትከሻው ሲላላለት በደንብ ያውቀዋል። ስኳር ያድናል፣ ደም ያጠራል የሚላችሁ ካለ ግን አትስሙት፣ መድሃኒታችሁንም እንዳታቆሙ።

ለእንቅልፍና ለመረጋጋት ላቬንደር የሚባለው ሐምራዊ አበባ ያለው ተክል ዘይት ነው የሚመረጠው። ለደከመ ጡንቻ የጥብስ ቅጠል ዘይት ወይ ባህር ዛፍ ይጠቀማሉ፣ ጠጅ ሳርም አለ ግን ቆዳ ሊቆጣ ስለሚችል በጣም ትንሽ ነው የሚገባው።

ዝግጅቱ ላይ ዋናው ነገር መናገር ነው፣ እባካችሁ እዚህ ላይ አትፈሩ። እርጉዝ ከሆንሽ፣ በተለይ በመጀመሪያዎቹ 3 ወራት፣ መጀመሪያ ሃኪምሽን ጠይቂ። የሚጥል በሽታ ያለበት ሰው የጥብስ ቅጠልና ባህር ዛፍ ዘይት ይቅርበት፣ አስም ያለበትም ጠንካራ ሽታ ሊያስነሳበት ስለሚችል ቀድሞ ይናገር። እግሩ ላይ ደም ረግቶበት የሚያውቅ ወይ አንድ እግሩ ድንገት አብጦ የሚያመው ሰው ሃኪም ሳያየው በፍፁም አይታሽ፣ ትኩሳት ካላችሁም ቀጠሮውን አዘዋውሩ። አለርጂ ካላችሁ ደግሞ ከ1 ቀን በፊት የተበረዘውን ዘይት ክንዳችሁ ውስጠኛው ክፍል ላይ ጠብ አድርጋችሁ ሞክሩ፣ ካሳከከ ወይ ከቀላ ተውት።

ጠግቦ መሄድ ጥሩ አይደለም፣ በሆድ መተኛት ስላለ ከምግብ በኋላ 2 ሰዓት ያህል ቆዩ። በፆም ሰሞን ደግሞ እስከ 9 ሰዓት ምንም ሳይቀምሱ ገብተው ሲነሱ የሚያዞራቸው አሉ፣ እናንተ ከፈታችሁ በኋላ ያዙት። ሻወር ወስዳችሁ ሂዱ፣ ሽቶ አትቀቡ መዓዛው ይደባለቃል፣ ነጭ ልብስ አትልበሱ ቅባት ይይዛል። ፀጉር ተሰርታችሁ ከሆነ ጭንቅላቴን አትንኩ በሉ፣ ሲጫኗችሁ ካመማችሁም ዝም ብላችሁ አትቻሉ፣ ቀስ በሉ ማለት መብታችሁ ነው።

ቤት ውስጥ ለመስራት ለምትፈልጉ፣ 2 የሾርባ ማንኪያ ማለትም 30 ሚሊ ሊትር ያልተቆላ የሰሊጥ ዘይት ላይ ከ6 እስከ 12 ጠብታ ላቬንደር በቂ ነው፣ ለጀማሪ 6ቱ ይሻላል። ሳይበረዝ ቆዳ ላይ አታድርጉ፣ አትጠጡት፣ ባህር ዛፍና ናና ዘይት ደግሞ ህፃን ልጅ ፊት አጠገብ እንዳታደርሱ። ስትገዙ ጠቆር ያለ ብልቃጥ ውስጥ ያለውንና የተክሉ የላቲን ስም የተፃፈበትን ምረጡ፣ ላቬንደር ከሆነ ላቫንዱላ አንጉስቲፎሊያ ይላል፣ ዝም ብሎ ሽቶ የሆነውም በላቬንደር ስም ይሸጣልና እዩት።

እናቶቻችን ተቀብተሽ ፀሃይ ላይ አትውጪ ምች ይመታሻል ይላሉ አይደል፣ ከልጣጭ ተጨምቆ የወጣ የሎሚና የቤርጋሞት (ሎሚ መሰል ፍሬ ነው) ዘይት ከተቀባችሁ እውነትም ፀሃይ ቆዳ ያቃጥላል፣ ስለዚህ ከነሱ በኋላ ቢያንስ 12 ሰዓት የተቀባውን ቦታ ሸፍኑት። ሲያልቅ ቀስ ብላችሁ ተነሱ፣ ውሃ ጠጡ፣ ክረምት ከሆነ ፎጣ ነገር ወይ ጋቢ ይዛችሁ ሂዱ የሞቀ ሰውነት በዛ ብርድ መውጣት የለበትም፣ ወዲያው መኪና ከመያዝም ትንሽ አረፍ ብሎ መውጣቱ ይሻላል። የሚቻል ከሆነ ቀጠሮውን ወደ ማታ አድርጉትና ከዛ በቀጥታ ቤት ገብታችሁ ተኙ።