ችግኙ እንዲጸድቅላችሁ፦ ከሻጩ እጅ እስከ ጉድጓዱ

ሐምሌ ሲገባ ፒያሳም አራት ኪሎም ችግኝ የያዘ ሰው አይጠፋም። አረንጓዴ አሻራ በ2011 ዓ.ም. ከተጀመረ ወዲህማ ያልተከለ ሰው ማግኘት ይከብዳል። ጸደቀልህ ወይ ሲባል ግን ሰዉ ወሬ ይለውጣል። እኔ እንዳየሁት ብዙው ችግኝ ጉድጓዱ ጋ ሳይደርስ መንገድ ላይ ነው የሚጎዳው።

ስትገዙ በቁመቱ አትታለሉ። አጠር ብሎ ግንዱ ወፈር ያለው ይሻላል። ችግኙ ያለበትን ፕላስቲክ ከታች በኩል እዩት፤ ሥሩ ተጠማዞ ወደ ውጭ ከወጣ ሌላ ምረጡ። ግቢያችሁ ጠባብ ከሆነ ዝግባ ይቅርባችሁ። ከ30 ሜትር በላይ ሊያድግ የሚችል ዛፍ ነው፣ ከጎረቤት ያጣላችኋል። ወይራ ይበቃል።

ከመጫናችሁ በፊት ውኃ አጠጡት። ደረቅ አፈር መንገድ ላይ ይፈረካከሳል፣ ሥሩም ይራቆታል። ስታነሱት ፕላስቲኩን ከታች ደግፉ እንጂ ግንዱን አንቃችሁ አታንጠልጥሉት። በፒካፕ ከሆነ ሸራ አልብሱት፤ ንፋሱ ቅጠሉን ያደርቀዋል። ቤት ሲደርስ ጥላ ሥር አቁሙት።

ጉድጓዱ ቀድሞ ይቆፈር። 40 ሳንቲ ሜትር ስፋት፣ 40 ሳንቲ ሜትር ጥልቀት ይበቃዋል። የላዩን ለም አፈር በአንድ በኩል፣ የታችኛውን በሌላ በኩል አድርጉ። መሃል ከተማ ስትቆፍሩ ኮረት፣ የሲሚንቶ ስብርባሪና አሮጌ ፌስታል መውጣቱ አይቀርም። ሁሉንም ልቀሙት። አፈሩ ጥቁር ዋልካ ከሆነ ውኃ ስለሚያቁር ችግኙን ከፍ አድርጋችሁ ትከሉት።

አሁን ዋናው ነገር፦ ፕላስቲኩን አውጡ! የመጀመሪያውን ጽዴን ከነፕላስቲኩ ቀበርኩት። ያኔ ራሱ ይበሰብሳል ብሎ የነገረኝ ሰው ነበር፣ እኔም አመንኩት። ሁለት ዓመት ቆይቶ ደረቀ። ነቅዬ ሳየው ሥሩ እንደ ሽቦ ጥቅል ፕላስቲኩ ውስጥ ዞሯል። ስለዚህ ጎኑን በምላጭ ሰንጥቁት፣ ከታች የተጠቀለለውን ሥር ቁረጡ፣ አፈሩ ሳይፈርስ ቀስ ብላችሁ አስቀምጡት።

ለሙን አፈር አስቀድማችሁ መልሱ። ግንዱና ሥሩ የሚገናኙበት ቦታ ከመሬቱ እኩል ይሁን፤ ከተቀበረ ይበሰብሳል። ዙሪያውን በእግራችሁ ጠቅ ጠቅ አድርጉት። ከዚያ አንድ ቅጠል ይዛችሁ ቀስ ብላችሁ ሳቡ። ችግኙ ከተነቃነቀ ገና አልጠበቀም፣ ድገሙት።

ክረምቱ ራሱ ያጠጣዋል። ፈተናው ከጥቅምት በኋላ ነው። ሥሩ ላይ ደረቅ ሣር ጎዝጉዙለት፣ ግንዱን ግን አይንካው። በሳምንት ሁለቴ አምስት ሊትር ውኃ ስጡት። ሰፈራችሁ ውኃ በፈረቃ የሚመጣበት ከሆነ ጎመንና ድንች ያጠባችሁበትን አትድፉ፣ ለእሱ ይሁን። ሳሙና የነካው ግን አይሆንም።